በረንዳዬ ላይ የበራ ብረት

ቆይ፣ ይህን ታውቁ ነበር? ታውቁ ከነበረስ እንዴት አስችሏችሁ ዝም አላችሁኝ? አሥራ አራት ዓመት ሞተር ሳይክል ነድቻለሁ። በስንቱ ጋራዥ ደጃፍ በርጩማ ላይ ቁጭ ብዬ ቡና ጠጥቻለሁ፤ ዘይት ከሚያንጠባጥብ ሞተር ሥር ስንት ካርቶን አንጥፌያለሁ። በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድ ሰው እንኳን "ወንድሜ፣ የጠረጴዛ መስታወትና አንድ ቅጠል የብርጭቆ ወረቀት ካለህ ይህን ማንጠባጠብ ቤትህ ቁጭ ብለህ ትጨርሰዋለህ" አላለኝም። ይኸው እኔ እላችኋለሁ። አንዴ ከጀመርኩ ደግሞ የምታስቆሙኝ አይመስለኝም፤ ባለቤቴ ሞክራ አልቻለችም።

የምኖረው ሐዋሳ ነው፤ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ አስተምራለሁ። ሞተሬ አንድ መሥሪያ ቤት አገልግሎቷን ጨርሳለች ብሎ በጨረታ ያወጣት ያማሃ ዲቲ 125 ናት። ስንቱን ባለሙያ በስንቱ የገጠር መንገድ እንዳዞረች እሷና ጭቃው ያውቁታል። ልቧ ግን ጤነኛ ነው፤ በአንድ ምት ትነሳለች። ሕመሟ አንድ ብቻ ነበር፦ በቀኝ በኩል ፍሪሲዮኑን ከሚሸፍነው ክዳን ሥር የማርሽ ዘይት ታለቅሳለች። ብዙ አይደለም፣ ጠብ ጠብ ነው። ግን ሁልጊዜ። የቆመችበት ቦታ ሁሉ ፊርማዋ ይቀራል።

ጋራዥ ወሰድኳት። ክዳኑን በካቻቢቴ ፈልቅቀው አወጡት፣ ጋስኬቱን ቀየሩ፣ ሲሊኮን ለቀለቁበት። ሁለት ሳምንት ቆየች። መለስኳት፤ አሁንም ካቻቢቴ፣ አሁንም ሲሊኮን። ካቻቢቴ በገባበት ቁጥር እንደሚጎረጉድ፣ የተጎረጎደው ጠርዝ ደግሞ ሽቅብ ተነስቶ ክዳኑ ገጥሞ እንዳይቀመጥ እንደሚያደርገው ያኔ መች ገባኝ! በሦስተኛው ጉዞ አንዱ የቡሎን ጆሮ ተሰበረ። ማን ሰበረው ቢባል ማንም። "ድሮም ተሰንጥቆ ነበር" አሉኝ።

ሌላ ክዳን ገዛሁ። አቤት ሻካራነቱ! የማን ሥራ እንደሆነ አልተጻፈበትም። ፊቱ ፈንጣጣ የጎበኘው ይመስላል። ሲቀልጥ የፈሰሰበት የቅርጹ ሁለት ወገን የተጋጠመበት መስመር እንደ ጠባሳ ወገቡ ላይ ተጋድሟል፤ ትርፉ ጠርዝ ደግሞ ምላጭ ነው፣ ከላስቲኩ ሳወጣው ጣቴን ቆረጠኝ። ሞተሩ ላይ የሚያርፈውን ወገን የቤታችን ሲሚንቶ ወለል ላይ አስቀምጬ በአንድ ጣት ስጫነው እንደ እግረ አንካሳ በርጩማ ኳ፣ ኳ ይላል። ይህ ነው እንግዲህ ዘይት የሚያቆመው?

ቶርኖ ቤት ይዤው ሄድኩ። ወረፋው የሳምንት ነው አሉኝ። ልመለስ ስል ጥግ ላይ ሞርሳ ላይ የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ ክዳኑን ከእጄ ተቀበሉና ወደ ብርሃን ዘወር አድርገው አዩት።

"ልጄ፣ ቤትህ መስታወት የለም?"

"የፊት መስታወት ነው ጋሼ?"

"ፊትህን ምን ላድርገው? የጠረጴዛ። ወፈር ያለ።"

ያላገጡብኝ መስሎኝ ነበር። አላገጡም። በሦስት ዓረፍተ ነገር ነገሩኝ፦ መስታወቱን ደልዳላ ቦታ አስቀምጥ፤ ጥቁሩን፣ ውሃ የሚችለውን የብርጭቆ ወረቀት አርጥበህ ለጥፍበት፤ ክዳኑን ከላዩ አስተኝተህ ስምንት ቁጥር እየጻፍክ እሸው። ሂሳብ ስጠይቃቸው በእጃቸው "ሂድ" አሉኝ።

እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡኝ፤ የታሪክ አስተማሪ ነኝና ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ያ ኩባያና ሪሞት የምናስቀምጥበት መስታወት እንዴት ያለ ጉድ እንደሆነ ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ልጻፋቸውና፣ በ1959 እንግሊዛዊው አላስታየር ፒልኪንግተን ይፋ ባደረገው ዘዴ የቀለጠ መስታወት በቀለጠ ቆርቆሮ ኩሬ ላይ እንዲንሳፈፍ ይደረጋል። ማንም አይሞርደው፣ ማንም አያሽከረክረው። ፈሳሽ በፈሳሽ ላይ ሲተኛ ራሱን ያደላድላል፤ እንደተኛም ይረጋል። ያ ደልዳላ ገጽ ነው ሳሎናችን ውስጥ ዳንቴል ለብሶ የተቀመጠው! የቶርኖ ቤት ወረፋ የምጠብቅለት ነገር እቤቴ ሻይ ሲፈስበት ኖሯል።

ቅዳሜ ጠዋት ዳንቴሉን አነሳሁ። (በፈቃድ ነው። በኋላ የተገኘ ፈቃድ ቢሆንም ፈቃድ ነው።) መስታወቱን በረንዳ ላይ ጠረጴዛ ላይ አጋደምኩት፣ ውሃ ረጨሁበት፣ 320 ቁጥር ወረቀት አስተኛሁበት። ወረቀቱ ያለ ማጣበቂያ እንደ እርጥብ ቅጠል ልጥፍ አለ። ክዳኑን ከማስቀመጤ በፊት የሚያርፈውን ጠርዝ ዙሪያውን በማርከር አዥጎረጎርኩት፤ ይህን የጨመርኩት ሽማግሌው በያዙት ሥራ ላይ በጠመኔ ሲያደርጉት አይቼ ነው። ከዚያ ስምንት ቁጥር። አንድ፣ ሁለት፣ ሃያ።

ገለበጥኩት። እዚህ ጋ ነው የጮህኩት።

ምክንያቱም ክዳኑ ተናዘዘ! በእያንዳንዱ የቡሎን ቀዳዳ ዙሪያ ማርከሩ ጠፍቶ ብሩህ ቀለበት ወጥቷል፤ በቀዳዳና በቀዳዳ መካከል ግን ማርከሩ እንዳለ ቁጭ ብሏል። ማለት ቀዳዳዎቹ ተራራ ናቸው፣ መካከሉ ሸለቆ ነው። ቢገጠም ኖሮ ዘይቱ በሸለቆው ነበር የሚወርደው፤ ሌላ የት ይሂድ? በአሮጌው ክዳን ላይ ሞከርኩት፣ እሱም ያው፤ ቡሎኑ ከልክ በላይ በተጠበቀ ቁጥር ብረቱን ሽቅብ ስቦታል። ጋራዡ በሦስት ጉዞ ያላየውን አንድ ማርከር አሳየኝ። ባለቤቴ ሮጣ መጣች፣ እጄን የቆረጠኝ መስሏት። "እዪው! እዪው!" እላታለሁ፤ እሷ የምታየው የተዥጎረጎረ ቆርቆሮ ነው።

እንደገና ማርከር፣ እንደገና ስምንት ቁጥር። በየዙሩ ብሩሁ ቀለበት ይሰፋል፣ ጥቁሩ ደሴት ይጠባል። ክዳኑን በየጊዜው ሩብ ዙር እያዞርኩ፣ አለዚያ እጄ የሚከብድበት ወገን ብቻ ይበላል። ውሃው ጠቁሮ አተላ ሆነ። ከአንድ ሰዓት በኋላ የመጨረሻው ደሴት ሰጠመና ጠርዙ ዙሪያውን አንድ ዓይነት ግራጫ፣ ዝም ያለ፣ ያልተቋረጠ ገጽ ሆነ። ወረቀቱን አንስቼ ክዳኑን ባዶው መስታወት ላይ አስቀመጥኩና በጣቴ ተጫንኩት። ኳ አላለም። ዝም። በጎን ሳንሸራትተው ትንሽ ሳበኝ፤ እርጥብ ጠርዙና መስታወቱ መላቀቅ አልፈለጉም። እንደዚያ ያለ ደስታ በዲግሪዬ ቀንም አላገኘሁም፣ እውነቴን ነው።

አጥቤ፣ አዲስ ጋስኬት አድርጌ፣ ያለ አንዲት ጠብታ ሲሊኮን ገጠምኩት። ይኸው ክረምቱ አለፈ። ካርቶኑን ጥዬዋለሁ።

ነገሩ እዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። አላበቃም። ጠርዙ እንደዚያ ሲያምር ፊቱ ፈንጣጣ ሆኖ ሊቀር ነው? ሞረድ ገዛሁ።

አሉሚኒየም ለስላሳ ነው ብላችሁ እንዳትንቁት። ልስላሴው ራሱ ነው ተንኮሉ፤ ፍቅፋቂው የሞረዱ ጥርስ ውስጥ ይሰነቀራል፣ የተሰነቀረው መልሶ ፊቱን ይቧጭራል፣ አንዱን ጠባሳ ስታጠፋ ሦስት ትወልዳለህ። መድኃኒቱ ምን መሰላችሁ? ጠመኔ! ሞረዱን ጠመኔ ታጠግቡታላችሁ፤ ጥርሱ መሃል ዱቄቱ ቀድሞ ይቀመጥና ብረቱ መጣበቂያ ያጣል። ከየትኛውም ኮቴ ኪስ ውስጥ ጠመኔ የማይጠፋ ሰው አሥራ አራት ዓመት ይህን አለማወቄ አያናድድም? ሞረዱን እንደ መጋዝ ወደፊት ከመግፋት ይልቅ በሁለት እጅ አግድም ይዞ ወደራስ መሳብም ሌላ ዓለም ነው፤ የስፌቱ ጠባሳ በዝግታ ይከስማል፣ ብረቱም ከሻካራ ጩኸት ወደ ሹክሹክታ ይወርዳል። ድምፁን ስሙት። ከዓይን በፊት ጆሮ ነው "በቃ" የሚለው።

ከሞረዱ በኋላ ወረቀት በተራ፦ 240፣ 320፣ 400፣ 600፣ 800፣ 1000፣ 1500፣ 2000። ቁጥሩ ሲጨምር ፍሬው ይደቃል፤ የ240ው ፍሬ ወደ 58 ማይክሮን ነው፣ ከጸጉር ውፍረት ብዙም አይርቅም፤ የ2000ው 10 ማይክሮን ግድም ብቻ። አያቴ ወፍጮ ላይ የምታደርገው ነበር ይህ። መጀመሪያ ትከካለች፣ ቀጥላ ታደቃለች፣ መጨረሻ ላይ መጁን እያሳሳች ታልማለች፤ ክኩን ዘላ ልም ዱቄት ልታወጣ የምትሞክር ሴት የለችም። ወፍጮው ሲላላ በድንጋይ እንደምትወቅረውም ሁሉ፣ የደነዘዘ ወረቀትን በጉልበት መጫን ዋጋ የለውም፤ ጥሎ ሌላ ማንሳት ነው።

እኔ ግን የአያቴ ልጅ መሆኔን ረስቼ ከ240 ወደ 1000 ዘለልኩ። ሁለት ሰዓት አሸሁ። ፊቱ አበራ፣ አዎ፣ ግን ፀሐይ ላይ ሳዞረው ከብርሃኑ ሥር የ240ው ጭረት እንደ ታረሰ ማሳ ተዘርግቶ ይታያል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ወደ 320 ተመለስኩ። ያኔ ነው ዋናውን ብልሃት የተማርኩት፦ ወረቀት ስትቀይሩ አቅጣጫ ቀይሩ። 320ን ቁልቁል ካሻችሁ 400ን አግድም። የድሮው ጭረት በሙሉ ጠፍቶ አዲሱ አግድም ጭረት ብቻ ሲቀር፣ ያን ጊዜ እንጂ ከዚያ በፊት አትለፉ። ውሃው ውስጥ ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ጨምሩ፣ ፍቅፋቂው ይንሳፈፋል። መብራት ቢጠፋ ግድ የለም፤ ይህ ሥራ መብራት ኃይልን አያውቅም።

ስለ ወረቀቱስ ልንገራችሁ? የፊላደልፊያ ቀለም ሠሪ የነበረ ፍራንሲስ ኦኪ የሚባል ሰው ነው ነገሩን የጀመረው። ዛሬ ሦስትኤም ለምንለው የያኔው የሚኒሶታ ኩባንያ የጥሬ ፍሬ ናሙና ላኩልኝ ብሎ ይጽፋል። ወረቀት ሳይሆን ጥሬ ፍሬ! የኩባንያው ሰው ማክናይት ይህ ሰው ምን ሊያደርገው ነው ብሎ ሲያጣራ፣ ኦኪ ውሃ የማይፈታው ወረቀት መሥራቱ ታወቀ። በ1921 ገበያ ላይ ዋለ፤ የመኪና ቀለም ቀቢዎች በውሃ እያሹ ከአቧራ ተገላገሉ። ሰውየው በምላጭ ፈንታ ጢሙን በዚሁ ወረቀት ሊያስተካክል ይሞክር ነበር ይባላል። እብድ ነው ትላላችሁ? እኔ ባለፈው ሳምንት 2000ውን ጉንጬ ላይ አስጠግቼ ትንሽ አሰብኩ።

ከ1000 በኋላ ዓይን ይደክማል፤ ጣት ነው የሚሠራው። ዓይኔን ጨፍኜ አውራ ጣቴን ሳንሸራትት ብርሃን ያላሳየኝን ጉብታ አገኛለሁ። ቅዠት መስሎኝ ነበር። ለካስ በ2013 የስቶክሆልም ተመራማሪዎች ይህንኑ ለክተውታል፤ የሰው ጣት ሲንቀሳቀስ በአሥር ናኖሜትር ግድም የሚቆጠር እጥፋትን ከልሙጥ ገጽ ለይቶ ያውቃል። የጸጉር ውፍረት ሰባ ሺህ ናኖሜትር ገደማ መሆኑን አስቡት! "ሲንቀሳቀስ" የምትለዋን እንዳትዘሏት፤ ጣት አርፎ ከተቀመጠ ደንቆሮ ነው። ልብስ ስንገዛ ጨርቁን በሁለት ጣት እያሸን የምናየው ለካስ በከንቱ አይደለም።

መጨረሻ ላይ በአሮጌ ፎጣ ጥቂት የብረት ማወልወያ ቅባት። ፎጣው ይጠቁራል፣ ክዳኑ ይደበዝዛል፣ የተበላሸ ይመስላል፤ እንግዲህ በንጹህ ጨርቅ አንዴ ስትጠርጉት... ምን ልበላችሁ። የበረንዳው ቆጥ ታየኝ። የጎረቤት ማንጎ ቅጠል ታየኝ። የፊት ጥርሴ ክፍተት ታየኝ! ሽማግሌው "ፊትህን ምን ላድርገው" ያሉኝን መስታወት በራሴ እጅ ሠርቼ ፊቴን አየሁበት።

ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ የማነበው ስለ በርት መንሮ ነው። የኒውዚላንዱ ኢንቨርካርጊል ሰው። በ1920 የገዛት ኢንዲያን ስካውት ሞተር ሳይክል ስትመጣ በሰዓት 89 ኪሎሜትር ግድም ነበር አቅሟ። ሰውየው ቤቱ ጓሮ ውስጥ ፒስተኖቹን በአሮጌ ጣሳ ራሱ አቅልጦ ይሠራል፤ ሲሊንደሩን ከብረት የጋዝ ቧንቧ፣ ፒስተኑን ከክራንኩ የሚያያይዙትን ዘንጎች ደግሞ ከካተርፒላር ትራክተር አክስል ጠርቦ ሞርዶ ያወጣል። ማይክሮሜትሩ ከአሮጌ የጎማ ሽቦ የሠራው ነው። የጎማውን ጥርስ በማዕድ ቤት ቢላ ላጨው። 600 ሲሲ የነበረችውን ሞተር 950 አደረሳት፤ በ1967፣ በ68 ዓመቱ፣ አሜሪካ ቦንቪል የጨው ሜዳ ላይ በሰዓት 184 ማይል፣ ወደ 296 ኪሎሜትር መሆኑ ነው፣ አስመዘገበ። የተሰባበሩትን ዕቃዎቹን ደርድሮ "ለፍጥነት አምላክ መሥዋዕት" የሚል ጽፎባቸው ነበር። አንቶኒ ሆፕኪንስ የሠራውን የ2005 ፊልም ያያችሁ ታስታውሱታላችሁ። ዱሮ ፊልሙን አይቼ "ጀግና ነጂ" ብዬ ነበር። አሁን ሳየው መንዳቱ አይታየኝም፤ ያን አክስል ሲሞርድ ያደረው ሌሊት ነው የሚታየኝ። ስንት ጊዜ ሞረዱን አስቀምጦ በአውራ ጣቱ ዳሰሰው?

እኔ መንሮ አይደለሁም፤ ዘንግ አልሞርድም። ፍሬን የሚባል ነገርም በዚህ እጄ አይነካም፤ ክዳን ቢሳሳት ዘይት ያንጠባጥባል፣ ፍሬን ቢሳሳት ሌላ ነው። ደግሞ ከገጠማ በፊት እጥበቱን አትቀልዱበት። አንዲት የወረቀት ፍሬ ወደ ኩሽኔታ ብትገባ ያሻችሁትን ሁሉ እሷ መልሳ ታሸዋለች። እኔ በኦሞና በጥርስ ብሩሽ ሦስት ጊዜ አጥባለሁ፣ ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ። የተወለወለ አሉሚኒየም ደግሞ ራቁቱን ነው፤ በወሩ መደብዘዝ ይጀምራል፣ እንደገና ጨርቅ ይፈልጋል። ይህን እንደ ጉድለት የነገሩኝ አሉ። እኔ እንደ ግብዣ ነው የምቆጥረው።

ጥፍሮቼ ሥር ያለው ጥቁር ግን አይወጣም። ስለ አድዋ ሳስተምር አንዷ ተማሪ እጄን አይታ "ቲቸር፣ ከሰል ጀመሩ?" አለችኝ።

ባለፈው ሐሙስ ክዳኑን ፈትቼ፣ በጋዜጣ ጠቅልዬ ለሽማግሌው ወሰድኩላቸው። እውነቱን ልናገር፣ እንዲያደንቁኝ ነው የሄድኩት። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉና ክዳኑን ወደ በሩ ብርሃን አዘነበሉት። ፊታቸው አልበራም፣ ፈገግም አላሉም። የአውራ ጣታቸውን ጥፍር በፊቱ ላይ ቀስ ብለው ነዱት፤ እኔ ጥርሴን ያየሁበት ቦታ አለፈ፣ ጠርዙ ጋ ሲደርስ ቆመ፣ ትንሽ ተመለሰ፣ እንደገና ቆመ።

"እዚህ ጋ 400ውን ቸኩለሃል።"

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ምንም አይታየኝም። ጣቴን ይዘው አስነዱኝ። አለ! ከጸጉር የቀጠነ፣ አንድ ብቻ፣ ግን አለ!

ከዚያ ወደ ሥራቸው ተመለሱ፤ እኔም ልወጣ ስል "ቴስታታውንስ አይተኸዋል?" አሉኝ፣ ቀና ሳይሉ።

ይህን የምጽፈው በረንዳዬ ላይ ነው። ቴስታታው ወልቆ፣ ካርቦኑ ተጠርጎ፣ ዙሪያው በማርከር ተዥጎርጉሮ ፎጣ ላይ ተቀምጧል። ባለቤቴ ዳንቴሉን አጥባ አጣጥፋ ቁም ሳጥን ውስጥ አስገብታዋለች፤ ስለ መስታወቱ መጠየቅ አቁማለች። ወረቀቱ ውሃ ውስጥ ከገባ ግማሽ ሰዓት ሆነው፣ ለስልሷል። 400 ነው። ዛሬ አልቸኩልም።